ሦስት ሳህን ለወይዘሮ ይታይሽ

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ ድግስ ሠሪ ነበሩ። ፍርዱ የእናንተ ነውና መጀመሪያ እሳቸውን እወቋቸው። ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ተዝካርም ይሁን ማኅበር፣ እሳት ከመንደዱ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ወጥ የሚቀምሱት በማንኪያ አልነበረም። ከማማሰያው ጫፍ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይልሱታል፣ ጨው አነሰ ወይም በዛ ይላሉ፣ ከዚያ ደግሞ በእንጀራ ቁራሽ ያረጋግጣሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያረጋግጡ ውለው ማታ «ዛሬ እህል አልቀመስኩም» ቢሉ ከልባቸው ነው። ቁጭ ብለው አልበሉማ!

ስኳር በሽታ የተገኘባቸው በሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሐኪሙ እንጀራ ይቀነስ፣ ጣፋጭ ይቅር፣ ጠላና ጠጅ አይታሰብ አላቸው። እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል? ይህን የምነግራችሁ እኔ ራሴ በቀን ሁለቴ ሆዴን የስኳር መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ፤ እሺ ያልኩበትን ቀን ብዛት አላውቀውም። እሳቸውም እንደ እኔ ሰኞ ይጀምራሉ፣ ሐሙስ ይደክማቸዋል፣ ቅዳሜ የአንድ ዘመድ ሠርግ ይደርሳል። ሠርግ ላይ ጉርሻ አለ። «ተዉኝ፣ በሽተኛ ነኝ» ሲሉ «አፈር ስሆን!» ይባላሉ። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» ይባላሉ። በዚያች ከተማ ለወይዘሮ ይታይሽ አንዲት ጉርሻ ሲል የማይሞት ሰው አልነበረም። እሳቸው ደግሞ የሰው እጅ መመለስ አይሆንላቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያበሉ የኖሩ ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትልጣቸው ሳይሰማቸው ዋለ። ቁስሉ አልድን ብሎ ከረመና የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ሐኪሙ በየቀኑ የሚወጉት የስኳር ማውረጃ መርፌ አዘዘላቸውና «በዚህ ከቀጠሉ ቀጥሎ የሚቆረጠው እግሩ ነው» አለ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ሦስቱም በሩ ላይ ቆመው ሰሙ፣ ሦስቱም በየፊናቸው ወሰኑ።

የመጀመሪያው ልጅ የሺጥላ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ቤቱ ከእናቱ ቤት በአጥር ብቻ ይለያል። በዚያው ሳምንት እናቱ ቤት ገብቶ ስኳሩንም፣ ማሩንም፣ የጠላውን ጌሾ ሳይቀር አወጣ። ከራሱም ቤት አወጣ። የጓዳውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። አንዱን እንጀራ አራት ቦታ ቆርጦ ሩቡን ብቻ ይሰጣል። መለኪያ መሣሪያ ገዝቶ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን እየወጋ የስኳራቸውን መጠን ያያል፤ የስድስት ወሩን ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል። ድግስ ያሰበውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ «እናቴን አትጥሩብኝ» አለ። እውነት ለመናገር ስኳራቸው ወረደ፣ ቁስሉም ገጠመ። ወይዘሮ ይታይሽ ግን ሥራ የሌላት ሴት ሆነው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ ጀመር። ከሩቅ የሠርግ ከበሮ ሲሰማ ተነስተው ይገባሉ።

ሁለተኛዋ ስንዱ ናት፤ ባለትዳር ናት፣ የራሷ ጎጆ አላት። «እናቴ እንደ ተላላፊ በሽተኛ ተለይታ አትበላም» ብላ የገዛ ገበታዋን ለወጠች። ነጭ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ለስላሳው ከቤቷ ቀረ። ጎመንና ምስር፣ የገብስ ቂጣ፣ ዘይቱ ጠብ ያለ ወጥ ሆነ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ እናቷ ቤት ትመጣና ፊት ለፊት ተቀምጣ ያንኑ ትበላለች። እናቷ ሲያቆሙ እሷም ታቆማለች፣ ርቧት ብትሆንም። ባሏ «እኔ ምን በወጣኝ ነው የበሽተኛ ምግብ የምበላው?» ብሎ ሆቴል መብላት ከጀመረ ቆየ። ስንዱ ከስታለች፣ ደክሟታል፣ ግን አንድ ቀን አልቀረችም።

ሦስተኛው አዱኛ ባጃጅ ነጂ ነው። የእሱን ውሳኔ መናገር ትንሽ ያስቸግራል። ሌሎቹ የእናታቸውን እግር ሲያዩ እሱ ፊታቸውን ያይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጁ ይዟቸው ወጥቶ ወንዙ ዳር ያቆምና አንዲት ቁራሽ አምባሻ ይሰጣቸዋል፣ ከወንበሩ ሥር ደብቆ የያዘውን ለስላሳ ግማሹን ያጠጣቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። የሠርግ ወሬ ያወራሉ። እሑድ ጠዋት የየሺጥላ መሣሪያ ሲጮህ ማንም ምክንያቱን አይናገርም። አንድ ቀን የሺጥላ የአምባሻ ፍርፋሪ ነጠላቸው ላይ አገኘና ወንድሙን «ገዳይ!» አለው።

«ጋሼ፣ አንተ እግሯን ጠብቅ» አለ አዱኛ። «እኔ እሷን እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ፍልሰታ ገባ። የንስሐ አባታቸው አስቀድመው መጥተው «አንቺ ታማሚ ነሽ፣ መርፌም ትወጊያለሽ፤ ጠዋት ቁርስሽን ብዪ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ» ብለዋቸው ነበር። ወይዘሮ ይታይሽ ግን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ስኳሬን የሚያወጣው እህል ነው፣ የሚያወርደው መርፌው ነው፤ እንግዲህ መርፌውን ወግቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመስኩ ባንድ ሱባኤ ነፍሴም ሥጋዬም ይድናል አሉ በልባቸው። አትሳቁባቸው፤ እኔም አንድ ጾም ላይ እንዲሁ አስቤ አውቃለሁ። ሌላም ነገር ነበረበት። ስለ ገዛ አፋቸው ሰው ሳያዛቸው ሲወስኑ ከብዙ ወራት በኋላ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ስንዱ በጾሙ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ስለማትበላ የእናቷን ቁርስ ጠዋት ጠዋት በሳህን ትልክ ነበር። እሳቸው መርፌያቸውን ይወጉና ሳህኑን ይዘው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ይሰጣሉ። ይህን ያወቀ አዱኛ ብቻ ነው። ቅዳሜ ወንዙ ዳር አምባሻውን ሲዘረጋላቸው «ቅዳሜም ቢሆን ጾመኛ ነኝ» አሉት።

«ቄሱ ፈትተውሽ የለ እንዴ እማዬ?»

«እኔ አልፈታሁም። ለነዚያ እንዳትነግር፣ በሞቴ።»

አዱኛ መርፌ ያለ እህል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ለማንም አልነገረም።

ጾሙ በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ስንዱ ልታያቸው ብቅ አለች። ወይዘሮ ይታይሽ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ልጣጩን ድስት ውስጥ ይከታሉ፣ ሽንኩርቱን መሬት ይጥላሉ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። «እማዬ» ስትላቸው በሞተች እህታቸው ስም ጠሯት። ሌላ ሰው ቢሆን እርጅና ነው ብሎ ባለፈ ነበር። ስንዱ ግን ከዚያች ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ ስንት ወር በልታለች፤ ፊታቸውን ታውቀዋለች። ጮኸች፣ ለአዱኛም ደወለች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ስኳሯ ወጥቶባት ነው፣ ቶሎ መርፌዋን ውጓት!» ብላ መድኃኒቱን፣ እንዲቀዘቅዝ ከተቀመጠበት ከውኃው እንስራ አጠገብ አንስታ መርፌውን ሞላች። ይህን ጊዜ የሺጥላ በአጥሩ ዘሎ ገባና እጇን ያዘ። ጣታቸውን ወጋ፣ መሣሪያውን አየ፤ ከሰባ መውረድ የሌለበት ቁጥር ሠላሳ ስምንት ይላል። ያን ቁጥር በስድስት ወር ውስጥ አይቶት አያውቅም።

«ወርዷል! ብትወጊያት ትሞታለች! ስኳር አምጡ!» አለ።

ስኳር የለም። በዚህ ቤት የለም፣ በእሱም ቤት የለም፤ ጠርጎ ያወጣው ራሱ ነው። ጎረቤቷ ወደ ቤቷ ሮጠች። ወይዘሮ ይታይሽ በስንዱ ክንድ ላይ እየዛሉ፣ ዓይናቸው እየተገለበጠ ነበር።

አዱኛ ባጃጁን በር ላይ አቆመ። ነገሩን ሲሰማ ተመልሶ ከወንበሩ ሥር የደበቀውን ለስላሳ አወጣና በጥርሱ ከፈተው። ጠብ ጠብ እያደረገ በጉንጫቸው ውስጥ አፈሰሰ፣ ጉሮሯቸውን በጣቱ እያሻሸ። አንዴ ዋጡ። ደግመው ዋጡ። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና የመጀመሪያ ቃላቸው «ጾሜን አስፈታችሁኝ?» የሚል ሆነ። ሦስቱም ልጆች አለቀሱ።

ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው ነርሷ ሁሉንም ጠይቃ ሰማች። «እማማ ከእንግዲህ ብቻቸውን አይኑሩ» አለች። «ደግሞ ሦስት ሰው ባንድ ሆድ ላይ አይዘዝ። አንዳችሁ ቤት ይግቡ፤ የሚያዛቸው አንድ ሰው ይሁን።»

እንግዲህ ክርክሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱም ይፈልጓቸዋል። የዕድሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

የሺጥላ «ባልለካት ኖሮ በመርፌ ትሞት ነበር» አለ። «እግሯንም ያተረፍኩላት እኔ ነኝ።»

ስንዱ «ባላያት ኖሮ ማን ይለካት ነበር? ከእኔ ሌላ አብሯት የበላ ማን ነው?» አለች።

አዱኛ «አይታችኋል፣ ለክታችኋል። ያዳናት ግን የከለከላችኋት ነገር ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ጥፋቱንም አነሱ፤ ማንም ከጥፋት ነጻ አልወጣም። የሺጥላ ቤቱን ጠርጎ አንዲት ማንኪያ ስኳር አሳጥቷል፣ ሥራቸውንም ቀምቷል። ስንዱ እናቷን ከሷ ጋር ካልሆነ እንዳይበሉ አስለምዳ፣ ጾሙ ሲገባ ብቻቸውን ትታቸዋለች። አዱኛ ጾማቸውን እያወቀ ደብቋል፣ ቁስሉን የሚያስቆጣውንም በየቅዳሜው ሲያጎርስ ከርሟል።

ወይዘሮ ይታይሽን ጠየቋቸው። 

«ደክሞኛል» አሉ። «በሽታውን ለምጄዋለሁ። መብላት ነው የደከመኝ። እንጀራ በቀረበ ቁጥር እነዚህን ሦስቱን ነው የማየው። የአንዱን ከበላሁ ሌላው ያዝናል። የዚያን ከበላሁ ይሄኛው ይቆጣል። የወለድኳቸውን እንዴት ብዬ ልምረጥ?»

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ የዕድሩ ዳኛ አቶ መኩሪያው ነገሩን ቆረጡ። ሦስታችሁም ምሳ አቅርቡ አሉ። እናታችሁ መጀመሪያ ከቆረሱበት ሳህን ባለቤት ቤት ይገባሉ፣ ቂም የለም፣ ይግባኝም የለም።

ሦስት ሳህን ቀረበ። በየሺጥላ ሳህን ላይ ሩብ እንጀራ፣ ጎመንና አንድ እንቁላል አለ፤ ልኩ ያልተዛባ። «እኔ ቤት እግርሽ አይቆረጥም» አላቸው። በስንዱ ሳህን ላይ የገብስ ቂጣና ምስር አለ፤ ሳህኑ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው፣ እሷም ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። «እኔ ቤት ብቻሽን አትበዪም» አለቻቸው። በአዱኛ ሳህን ላይ ሽሮና እንጀራ፣ ዳር ላይ ቁራሽ አምባሻ አለ። «እኔ ቤት ማንም አያይሽም፤ ልኩን አንቺ ታውቂያለሽ» አላቸው።

ወይዘሮ ይታይሽ እጃቸውን ታጠቡ። መርፌያቸውን ቀድመው ወግተዋል፤ መርፌ የወጋ ሰው ደግሞ ብዙ መቆየት አይችልም፣ እኔ አውቀዋለሁ። የሺጥላ ሰዓቱን ያያል፣ ስንዱ ፊታቸውን ታያለች፣ አዱኛ ሌላ ቦታ ያያል። እሳቸው እጃቸውን ከሦስቱ ሳህን በላይ ይዘው ቆመዋል፣ በግንባራቸውም ላብ መውረድ ጀምሯል።

እኔ ስንት ጊዜ አስቤው ደክሞኝ ተውኩት። እናንተ ፍረዱ፣ ብቻ ቶሎ በሉ። ወይዘሮ ይታይሽ የሚገቡት ለማን ነው፣ ከየትኛውስ ሳህን ይቁረሱ?