ሃሞክ ማለት ምን ማለት ነው?

ፊታውራሪ ስንሻው አንድ የባሕር ማዶ እንግዳ የሰጣቸውን ከገመድ የተሠራ መኝታ ሁለት ዛፍ መሃል አንጠልጥለው፣ እየተወዛወዙ ፍርድ ይሰጡ ነበር። አንዲት ገበሬ ሴት ወታደሮቻቸው ነድተው ያሰሩባትን በሬ ልትለምን ቀረበች።

«ይህ ሃሞክ ይባላል፤ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አሏት። «አልጋ ብትዪ የንጉሥን አልጋ ተመኝተዋል ማለትሽ ነው፤ መረብ ብትዪ ዓሣ ነዎት ማለትሽ ነው። ካጠፋሽ በሬውን እርሺው።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ብቻዎን ከወረዱ አልጋ ነው፤ ካቃተዎ መረብ ነው።»

ፊታውራሪ ሊያሳዩዋት ሲነሡ እግራቸው በገመዱ ቀዳዳ ሾለከ፤ መኝታው ተገለበጠና ተጠቅልለው ተንጠለጠሉ።

«ፍቱኝ» አሉ።

«በሬዬም የሚለው ይህንኑ ነው» አለች።

ፊታውራሪ እንደ ተንጠለጠሉ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በሬውም ከእሳቸው ቀድሞ ተፈታ።