ዘርፌን አልወስድ ያለው ቲኬት

ተረት ተረት ብላችሁ የላም በረት እንዳትጠብቁ፤ የዚህ ተረት በረት ላም የለበትም፣ አውሮፕላን ነው የቆመበት። ደሴ ላይ ዘርፌ የምትባል የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ነበረች። እናታቸው ስታርፍ ትንሿን እህቷን እመቤትን እንደ ልጇ ያሳደገቻት እሷ ናት። እመቤት አደገች፣ አገባች፣ ጣሊያን አገር ቦሎኛ የምትባል ከተማ ገባች። ሐምሌ ላይ ደወለች።

«እታለም፣ መጣ» አለች። «በሰላም ተገላገልኩ። አሁን ጠብቶ ተኝቷል። እንዴት ያምራል መሰለሽ።»

ዘርፌ እልል አለች፣ ስልኩን ዘጋች፣ መቀሷን አነሳች። ያንኑ ቀን ለልጁ ነጭ እጀ ጠባብና ነጭ ሱሪ ቆረጠች። በማግስቱ ፎቶ መጣላት፤ ልጁ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ፈለገች፤ የእመቤት ልጅ ክርስትና ሲነሳ አጠገቡ መቆም። የአውሮፓ ግንብና ሐውልት አላማራትም። እናታቸው በሌለችበት በዚያ ቀን የእናት ቦታ ባዶ እንዳይሆን ነው። ማንሳቱማ ለወንድ ልጅ የወንድ ነው፤ እሷ ቆማ ብታይ ይበቃታል። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነውና አርባውን ቆጠረች፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ፓስፖርት ነበራት፣ እቁቡም ደርሷት ነበር። ምን ቀራት? ቲኬት ብቻ።

ፒያሳ ወደሚገኘው ቲኬት ቆራጭ ወደ ይመር ሄደች። ይመር ኮምፒውተሩን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«እትዬ ዘርፌ፣ በነሐሴ መጨረሻ እዚህ የከረመው ዲያስፖራ ሁሉ ይመለሳል። ዋጋው እሳት ነው። ያንቺ ብር ለመሄጃው ይበቃል፣ ለመመለሻው አይበቃም።»

«ታዲያ ሄጄ ልቅር?»

«እሱንማ ቪዛ ሰጪዎቹም ይፈራሉ» አለ ይመር።

ቲኬቱ ዘርፌን አልወስድ አለ፣ ዘርፌም ክርስትናውን ሳታይ ልትቀር ሆነ።

«ቲኬቱን የሚያረክስ ምንድን ነው?» አለች። «መንገዱ ነዋ» አለ ይመር። ቀጥታ ሮም ከመውረድ በካይሮ ዞሮ ሚላኖ፣ ከሚላኖ ቦሎኛ በባቡር። «ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሉ የለ» ብሎ ሳቀ። ግን ወዲያው ኮስተር አለ። ዞሮ የሚሄደው ቲኬት አንዴ ከተቆረጠ ገንዘቡ አይመለስም፣ ቀኑም አይቀየርም። ቪዛ ሳትይዝ ቢቆርጥላት እቁቧ ውኃ ሊበላው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቆርጥላት ነበር፤ ይመር ግን ክፉ አልነበረም። መንገዱ ቲኬቱን አላረክስ አለ፣ ቲኬቱ ዘርፌን አልወስድ አለ፣ ዘርፌም ክርስትናውን ሳታይ ልትቀር ሆነ።

«መንገዱን የሚከፍት ቪዛው ነው» አለች ዘርፌ፣ እና አዲስ አበባ ወዳለው የጣሊያን ቪዛ ቢሮ ደወለች። የለሰለሰ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳች። «እናቴ፣ ቪዛ ያለ ቀጠሮ አይጠየቅም» አለች። እናቴ መባሉ ዘርፌን ደስ አሰኛት፤ የተባለችው ግን ደስ አላሰኛትም። ቪዛው መንገዱን አልከፍት አለ፣ መንገዱ ቲኬቱን አላረክስ አለ፣ ቲኬቱ ዘርፌን አልወስድ አለ፣ ዘርፌም ክርስትናውን ሳታይ ልትቀር ሆነ።

«እሺ ልጄ፣ ቀጠሮ ስጪኛ» አለች። ልጅቷ ፈለገች፣ ፈለገች። ነሐሴ ሞልቷል። የመጀመሪያው ክፍት ቦታ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። በመስከረም የሚገኝ ቀጠሮ ለነሐሴ ክርስትና ምን ይሠራል? ከሠርግ በኋላ እንደሚደርስ ጠላ ነው። ዘርፌ ግን እጅ መስጠት አትወድምና ቀጠሮውን አስመዘገበች፣ ከዚያም ተቀምጣ ተከዘች። ቀጠሮው ቪዛውን አልጠራ አለ፣ ቪዛው መንገዱን አልከፍት አለ፣ መንገዱ ቲኬቱን አላረክስ አለ፣ ቲኬቱ ዘርፌን አልወስድ አለ፣ ዘርፌም ክርስትናውን ሳታይ ልትቀር ሆነ።

አሁን የቀራት ቀኑን መለመን ነው። ቀን ደግሞ ጆሮ የለውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ «ትንሽ ብትጠብቀኝ ምናለበት?» አለችው፤ እሱ እንደሆነ ቅጠሉን ከመጣል ሌላ ሥራ አያውቅም። ለእመቤት እንዳትነግራት አራስ ናት፤ አራስን ማስጨነቅ ነውር ነው። እንዲህ ብቻዋን ስትብሰለሰል የአንዱን ተማሪ ሸሚዝ ሁለቱንም እጅጌ በግራ በኩል ሰፋችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ፈታችው። ቀኑ ቀጠሮውን አልጠብቅ አለ፣ ቀጠሮው ቪዛውን አልጠራ አለ፣ ቪዛው መንገዱን አልከፍት አለ፣ መንገዱ ቲኬቱን አላረክስ አለ፣ ቲኬቱ ዘርፌን አልወስድ አለ፣ ዘርፌም ክርስትናውን ሳታይ ልትቀር ሆነ።

ቀኑን የሚገፋ ማን ነው? ቄስ ነዋ። ከእመቤት ባል የቦሎኛውን የቄስ ምናሴን ስልክ ተቀብላ ደወለች።

«አባ፣ የእመቤትን ልጅ ክርስትና ትንሽ ቢያቆዩልኝ? ከአገር ቤት እየመጣሁ ነው።»

«ልጄ፣ ባሏ ወለድን ብሎ ነግሮኛል፤ እሷ ገና ቤተ ክርስቲያን አልደረሰችም። ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው፣ አባ።»

«ወንድ ከሆነ አርባ ነው። እኔ አልጨምር፣ አልቀንስ። ከእኔ ይልቅ ሕፃኑን ለምኚው» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ቄሱ ቀኑን አልገፋ አሉ፣ ቀኑ ቀጠሮውን አልጠብቅ አለ፣ ቀጠሮው ቪዛውን አልጠራ አለ፣ ቪዛው መንገዱን አልከፍት አለ፣ መንገዱ ቲኬቱን አላረክስ አለ፣ ቲኬቱ ዘርፌን አልወስድ አለ፣ ዘርፌም ክርስትናውን ሳታይ ልትቀር ሆነ።

ቄሱ የቀለዱትን ዘርፌ የምሯን ያዘችው። ሌላ የሚለመን አልቀረማ። እመቤት ጋ ደወለች።

«እመቤትዬ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ። የምለምነው ነገር አለኝ።»

«ተኝቷል እኮ፣ እታለም።»

«ተኝቶም ይስማኝ።» ስልኩ ተጠጋላት፤ ትንፋሹ ተሰማት። «የኔ ጌታ፣ ለአርባህ ሳልደርስ ልቀር ነው» አለችው። «ቄሱ እምቢ አሉኝ፣ ቀኑ እምቢ አለኝ፣ ቀጠሮው፣ ቪዛው፣ መንገዱ፣ ቲኬቱ እምቢ አሉኝ። እናታችን የለችም። አያትህን ሆኜ ልቆምልህ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ይቅር በለኝ።» ሕፃኑ አልነቃ አለ። እመቤት ግን ሰምታ ኖሮ ስልኩን መልሳ ወሰደችው።

«የምን አርባ ነው፣ እታለም?»

«የክርስትናው ነዋ። ወንድ በአርባ አይደል?»

በስልኩ የእመቤት ሳቅ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ለቅሶ የመሰለ ነገር።

«ሴት ናት እኮ!»

«ምን?»

«ሴት ናት።»

«መጣ፣ ጠባ፣ ተኛ ስትዪኝ አልነበር?»

«ሳቆላምጣት ነዋ! አንቺ ስታሳድጊኝ ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪኝ? ጠዋት ስትቀሰቅሺኝ ‹ተነሳ አንተ›፣ ስታጎርሺኝ ‹ብላ የኔ ጌታ›። እኔ ልጅ ማቆላመጥ የተማርኩት ካንቺ አይደለም እንዴ?»

እውነት ነው፤ ዘርፌ እመቤትን በልጅነቷ አንድም ቀን በሴት አንቀጽ ጠርታት አታውቅም ነበር። ከደጅ ደጅ ያንከራተታት ቃል ከገዛ አፏ የወጣ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኗ ነቃችና አለቀሰች፤ ነገሩም ሁሉ ከዚያ ለቅሶ ተፈታ።

ሕፃኗ ቄሱን አሸነፈቻቸው፣ ቄሱ ቀኑን እስከ ሰማንያ ገፉት፣ ሰማንያውም ጥቅምት መባቻ ላይ ወደቀ። ቀኑ ቀጠሮውን ጠበቀ፣ ቀጠሮው ቪዛውን ጠራ፣ ቪዛው መንገዱን ከፈተ፣ ዲያስፖራውም ተመልሶ አልቆ ነበርና መንገዱ ቲኬቱን አረከሰ። የተማሪውም ልብስ ተሰፍቶ አለቀ። ይመር ቲኬቱን ሲሰጣት «ሚላኖ ስትደርሺ ባቡሩ ውስጥ እንዳትተኚ፣ ቦሎኛን ያሳልፍሻል» አላት። ቲኬቱ ዘርፌን ወሰደ። በካይሮ ዞረች፣ ሚላኖ ወረደች፣ ባቡር ላይ ዓይኗን ሳትከድን ቦሎኛ ደረሰች። የዚያን ትንሽ ሱሪ ጨርቅ ፈትታ፣ በላዩ ላይ ቀጥላበት፣ ቀሚስ አድርጋው ነበር።

በሰማንያው ቀን ዘርፌ ከጥምቀቱ ውኃ ራቅ ብላ ከሴቶቹ መሀል ቆመች። ቆማ ለማየት ነው የመጣችው። ቄስ ምናሴ ቀና አሉና «ሴትን የምታነሳ ሴት ናት። ክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ። እመቤት ዞራ ታላቅ እህቷን አየቻት።

«እታለም፣ ሌላ ማን አለኝ?» አለች።

ዘርፌ ወደ ፊት ወጣች፣ ልጅቷን ተቀበለች። ውኃው ሲነካት ሕፃኗ ጮኸች። ዘርፌ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ በነጩ ቀሚስ ጠቅልላ፣ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለች። «አይዞህ አንተ፣ መጥቻለሁ» አለቻት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለክርስትናው በልተውታል።