አህያዋና የተናደው መንገድ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ስጡኝማ። አንዲት ፈሪ አህያ ለአንበሳ ቤት መሥሪያ ድንጋይ ስታግዝ መንገዱ ተናደባትና እግሯ ተሰበረ። አንበሳም "የራስሽ ጥፋት ነው" ብሎ አባረራት። እሷም እያነከሰች ሕግ አዋቂው ጃርት ዘንድ ሄደች።

"አያ ጃርት፣ ልጄን በምን ላሳድጋት?"

"ክሰሺው። ምስክርስ አለሽ?"

"ጓደኞቼ አይተዋል፤ ግን አንበሳ የሚሰፍርላቸው ገብስ እንዳይቀርባቸው ይፈራሉ።"

በችሎቱ ቀን ዳኛው ዝሆን "ያየ አለ?" ሲል አህዮቹ ሁሉ አቀረቀሩ። በመጨረሻ አንዲት ከሲታ አህያ ወደ ፊት ወጥታ፣ "እኔ አይቻለሁ፤ መንገዱ ይናዳል ብለን ነግረነው ነበር" አለች።

"እኔም አይቻለሁ" አለች ሌላዋ።

አንበሳ እግሯ እስኪድን እንዲቀልባት ተፈረደበት። በማግስቱም አህዮቹ መንገዱ ሳይጠገን ድንጋይ አንጭንም አሉት።