የጭቃው አንበሳ

አንድ ጊዜ ዝናብ ጠፍቶ አገር ምድሩ በደረቀበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ከአንድ ልጇ ጋር ወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ልጇ ቡላ ይባላል፤ ገና ውርንጭላ ነው። የዚያ ሜዳ እንስሳት ጠዋት ጠዋት እየተሰበሰቡ፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው ፈጣሪያቸውን ይለምኑ ነበር። ዝናቡ ግን ዘገየ። ወንዙም እየከሳ ሄዶ ጭቃ ብቻ ቀረ።

ያን ጊዜ ቀበሮ ጉብታ ላይ ወጥታ እንዲህ አለች፦

«እስከ መቼ ለማናየው እንጮኻለን? በዓይናችን የምናየው፣ እግሩ ሥር የምንወድቅለት አምላክ እንሥራ!»

ፍየሎቹና በጎቹ ደስ አላቸው። አህያም መጠበቅ ሰልችቷት ነበርና ጭቃውን በጀርባዋ አመላለሰች። ቡላ በኮቴው እየረገጠ አቦካ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ግዙፍ የጭቃ አንበሳ ቆመ፤ ሁሉም ሰገዱለት።

«እማዬ» አለ ቡላ፣ «ይሄ እኛ ያቦካነው ጭቃ አይደለም እንዴ?»

«ዝም በል! ይሰማሃል።»

«በምኑ ይሰማኛል? ጆሮውን ስትለጥፉለት አይቻለሁ እኮ።»

ሌሎቹ ጎንበስ ሲሉ አህያም ጎንበስ አለች። ቀበሮም የውርንጭላውን ነገር ሰምታ በሆዷ ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ ቀበሮ «ጌታችን ተርቧል» እያለች ከጅግሮቹ እንቁላል ትሰበስባለች፤ ሁሉም ዘወር ሲሉ ትበላዋለች። አያ ጅቦ ይህን ደረሰበት።

«እመት ቀበሮ፣ እንቁላል ጥርሴ ውስጥ ነው የሚጠፋው። ሥጋ አምጪ፤ አለበለዚያ አንቺኑ እበላለሁ!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ አያ ጅቦ! ነገ በእግሩ የሚመጣ ሥጋ አለልዎ። እርስዎ ብቻ ከአንበሳው ጀርባ ተኝተው አፍዎን ይዝጉ።»

«አፌን ከዘጋሁ በምን ልበላ ነው?»

በማግስቱ ቀበሮ ሁሉንም ሰበሰበች። «ዝናቡን የከለከለን የቡላ ምላስ ነው» አለች። «ጌታችንን ጭቃ ብሎታል። ቡላ ካልተሰጠው አይዘንብም።»

ዓይን ሁሉ ወደ አህያ ዞረ።

«ለአንድ ልጅ ብለሽ የኛን ልጆች ልትጨርሺ ነው?» አለቻት በግ።

አህያ አንበሳውን ቀና ብላ አየችው። ጭቃ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጭቃውን ስታመላልስ የቆሰለው ጀርባዋ ገና አልዳነም። ግን አሁን ጭቃ ነው ብትል፣ እስከ ዛሬ የሰገደችው ሁሉ ከንቱ ሊሆንባት ነው። ይህን መሸከም አቃታት። ልጇን እየመራች ወስዳ ከአንበሳው እግር ሥር አቆመችው።

«እማዬ፣ ለምን እዚህ ታቆሚኛለሽ?»

«ትንሽ ቆይ የኔ ልጅ። ምንም አያደርግህም። ጭቃ ነው ያልከው አንተው አይደለህ?»

ይህን ብላ ከሌሎቹ ጋር ከጉብታው ጀርባ ዞረች። ብዙ ሳትርቅ የልጇን ጩኸት ሰማች። እየበረረች ስትመለስ አያ ጅቦ አፉን ይልሳል።

«አፍህን ዝጋ ተብዬ ነበር» አላት፣ «አልቻልኩም።»

አህያ ጅቡን ትታ በአንበሳው ደረት ላይ ተደፋች። «ልጄን መልስልኝ! የጠየቅከኝን ሰጥቼሃለሁ፤ መልስልኝ!» እያለች ለመነችው። አንበሳው እንዳፈጠጠ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡም ወረደ። መጀመሪያ የአንበሳው ጆሮ ረገፈ፣ ከዚያ አንገቱ ተቆረጠ፣ በመጨረሻም ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው።

«አያችሁ?» ብላ ጮኸች አህያ። «ራሱን እንኳ ከዝናብ ማዳን አልቻለም! ልጄን የበላው ጅብ ነው!»

የሰማት የለም። ፍየሎቹ በዝናቡ ውስጥ ይዘላሉ። «መሥዋዕታችን ሠመረ!» ይላሉ።

«ከፊተኛው የሚበልጥ እንሥራለት» አለች ቀበሮ። «ጭቃው እንደሆነ ሞልቷል። አንቺ አህያ፣ ነይና ተሸከሚ!»

አህያ ጥላቸው ሄደች። እንደ ድሮዋ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች፤ ነገር ግን ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት፤ እንባዋ ብቻ ወረደ። ዞር ስትል በጓን አየቻት፤ ጭቃውን እንዲረግጡ ግልገሎቿን ከፊት ከፊቷ እየነዳች ትመጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ፈጣሪውን ትቶ በገዛ እጁ ለሠራው ጣዖት የሚሰግድ ሁሉ፣ ምንም ለማይሰጠው ነገር የሚወደውን አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።