ላስቲኩ ያልተገፈፈ ጠረጴዛ

አንድ የምህንድስና ኮሌጅ ነበር፤ ጠፈር ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶችን ከምድር ሆነው የሚቆጣጠሩ መሐንዲሶችን አፈራለሁ ብሎ በሩ ላይ በትልቁ የጻፈ። ለዚሁ ትምህርት የተገዛ አንድ ጠረጴዛ ነበረው። ጠረጴዛው በአየር ግፊት ስለሚንሳፈፍ አንዴ ከዞረ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ልክ እንደ ሳተላይት ነው። ተማሪው ፊት ለፊት ወደተተከለ መብራት አዙሮ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይለማመድበታል።

ይለማመድበታል መባሉ ለወሬ ነው። ዕቃውን ፈርመው የተረከቡት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ መንገሻ ከነላስቲኩ መጋዘን ቆልፈውበታል። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፤ ተማሪዎች ነጭ ጋዋን ለብሰው ዙሪያውን ፎቶ ይነሳሉ፤ እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ይገባል።

እታገኝ የምትባል ተማሪ ሦስት ጊዜ አብራው ፎቶ ተነስታለች። አንድ ቀን ነካ ልታደርገው ጣቷን ብትዘረጋ፣ አቶ መንገሻ ጮኹባት።

"ተይ አንቺ ልጅ! ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ አንቺማ ተመርቀሽ ውልቅ ነው!"

እጇን ሰበሰበች። ስሌቱን ግን ከሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ሸመደደችና ሜዳሊያ አጥልቃ ተመረቀች። ታናናሾቿን የምታስተምር እሷ ናት ተብሎ የቤተሰቡ ዓይን በሙሉ እሷ ላይ ነበር።

አንድ የሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ አንድ ሰው ሊቀጥር እሷንና ከሌላ ኮሌጅ የተመረቀ ተካልኝ የሚባል ወጣት ጠራ። ፈታኟ ጠና ያሉ መሐንዲስ ነበሩ። ያንኑ ዓይነት ጠረጴዛ አቀረቡላቸው። እታገኝ ስሌቱን ያለ አንዲት ስህተት ጻፈች። ጠረጴዛውን ስታዞረው ግን መብራቱን አልፎ ሄደ። ደንግጣ በኃይል መለሰችው፤ በሌላው በኩል አለፈ። በመለሰችው ቁጥር እየባሰበት ሄዶ ከጠርዙ ብረት ጋር ተላተመ። ተካልኝ ስሌቱ ላይ ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ ጠረጴዛውን ግን መብራቱ ጋ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ያዝ አደረገውና ቀጥ አለለት።

"የኮሌጃችሁን ጠረጴዛ ስንት ጊዜ ሰብራችሁታል?" አሉ መሐንዲሷ።

"እኔ? ኧረ አንድም ቀን!" አለች እታገኝ በኩራት።

ተካልኝ አንገቱን ደፋ። "ሁለት ጊዜ። ግን ሁለቴም ራሴ ነኝ የጠገንኩት።"

"በል አንተ ሰኞ ሥራ ጀምር። እዚያ ላይ የተበላሸን ወጥቶ የሚያቃና የለም፤ ስህተቱ እዚህ ተሠርቶ ማለቅ አለበት።"

እታገኝ በቀጥታ ኮሌጁ ሄደች። ዲኑንና አቶ መንገሻን አንድ ቢሮ ውስጥ አገኘቻቸው፤ የሆነውንም ነገረቻቸው።

"ታዲያ እኛ ምን አጎደልን?" አሉ ዲኑ። "ዕቃው አለ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጭረት አልነካውም!"

"ዕቃውማ ደህና ነው። የተበላሸነው እኛ ነን።"

"እኔ አደራዬን ተወጥቻለሁ" አሉ አቶ መንገሻ።

እታገኝ ወደ እሳቸው ዞረች። "አደራዎ እኔ አልነበርኩም?"



ዕቃ ሲሰበር ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጥፋተኛ ይፈለጋል። የአንዲት ልጅ አምስት ዓመት ሲባክን ግን "ጎበዝ አልነበረችም" ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ጥንቃቄ አይደለም፤ ግፍ ነው። እጅ የሚማረው በመንካት ነው፤ ሲማር ደግሞ ይሳሳታል። መሳሳትን የከለከለ መማርን ከልክሏል።

እስቲ ሁላችንም ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንዳይበላሽ ብለን የቆለፍነው ነገር ማንን እያበላሸ ይሆን?