የአራቱ ወራት ከረጢት

አንዲት ብሎኬት የምታመርት ሴት ነበረች። አባ ኅሩይ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፤ ንስሐ ከዚያ በኋላ ብገባ አይሻልም?» ብላ ለጠየቀቻቸው ለንስሐ ልጃቸው ለአስካለ ነው።

ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ያቋቋመችው አነስተኛ ድርጅት ነበራት። ሐምሌ በገባ ቁጥር ደረሰኞቿን በየወሩ ለይታ፣ በክር አስራ ለአንድ አዛውንት የሂሳብ ባለሙያ ትወስዳለች። እሳቸውም የዓመቱን ሂሳብ ዘግተው ለግብር ቢሮ ያቀርቡላታል። «እንዳንቺ ያለ ደንበኛ ዐሥር ቢኖረኝ ዓይኔ ባልደከመ» ይሏት ነበር። ይህን ምስጋና ትወደው ነበር።

አንድ ዓመት ባሏ ታመመ። ከየካቲት እስከ ግንቦት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ከረመች፤ የብሎኬት ማሽኑም ተሰብሮ ቆመ፤ ደረሰኙንም ሳታየው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ትጥለው ነበር። በሰኔ ባሏ አረፈ። ሐምሌ ሲመጣ ከረጢቱን መክፈት አቃታት፤ እንዲያ ተዝረክርካ መታየቱም አሳፈራት። ስለዚህ የአምናውን አራት ወር ሽያጭና ወጪ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ወሰደችላቸው። ያ ወረቀት ለሚያሳየው ትርፍ ግብር ለመክፈል ማሽኗን ልትሸጥ ገዢ አነጋግራ ነበር።

ሽማግሌው ወረቀቱን አገላብጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባልሽ ታሞ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ልክ እንደ አምናው ሸጥሽ? እንዲህ ከሆነስ እኔም ይህን ሥራ ትቼ ብሎኬት ልጀምር።»

ፈገግ ልትል ሞክራ እንባዋ ቀደማት። ስለ ከረጢቱ ነገረቻቸው፤ አስተካክላ እስክታመጣው ጥቂት ቀን እንዲታገሷትም ለመነች።

እሳቸው ግን ጃንጥላቸውን አንሥተው ቤቷ ድረስ ተከትለዋት ሄዱ። ከረጢቱን ወለሉ ላይ ዘረገፉት። ከጎኗ ተቀምጠው የተጨማደደውን ወረቀት አንድ በአንድ በመዳፋቸው እያቃኑ በየወሩ ደረደሩት። የሐኪም ቤት ደረሰኝ ሲያገኙ፣ «ይህ የድርጅቱ አይደለም፤ የአንቺ ነው» ብለው በእጇ አስያዟት። የቀረው የተሰበረው ማሽን ማስጠገኛና ሥራ ፈተው ለተቀመጡ ሠራተኞች የተከፈለ ደመወዝ ነበር። ተደምሮ ሲታይ ድርጅቱ በዚያ ዓመት ከስሯል። ሂሳቡ እንዳለ ቀረበ። ባላተረፈችው ትርፍ ግብር አልተጠየቀችም፤ ማሽኑም ሳይሸጥ ቀረ።

አባ ኅሩይ ወደ አስካለ ዞር አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ ሴትዮዋን ያዳናት ያ የደበቀችው ከረጢት ነው። አንቺም መልካም ወር ገልብጠሽ አታምጪልኝ። እንዳለ አምጪው፤ ማቃናቱ የሁለታችን ሥራ ነው።»

አስካለ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«እናቴ ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም» አለች። «ከዚያ ልጀምር?»

አባ በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።