የዳርቻ ኪራይ

ፊታውራሪ ወንድይራድ የሐይቁ ዳር ርስታቸው ነበርና፣ አንድ ቀን ታንኳውን ከዳርቻቸው የሚያስጠጋ ሁሉ በየወሩ ሁለት አሞሌ ጨው ኪራይ እንዲከፍል አዘዙ። መልስ የማያጣ አንድ ድሃ ቀዛፊ እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከየጉዞው በኋላ ዳር ወጥቶ፣ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው ይሰጥማል» አላቸው።

«መክፈል ያልቻለ እዚያው ውሃው ላይ ይቆይ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ቀዛፊው እንደታዘዘው ቆየ። በሳምንቱ ፊታውራሪ የደሴቱን ገዳም ንግሥ ሊያከብሩ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ሌሎቹ ቀዛፊዎች ኪራዩን ሸሽተው ማዶ ስለከረሙ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር፤ በአሽከር ጀርባ ታዝለው ተሳፈሩ። ሐይቁ መካከል ሲደርሱ ውሃው ቀስ እያለ መቀመጫቸውን አልፎ ወገባቸው ደረሰ።

«አንተ፣ ልንሰጥም እኮ ነው። ቶሎ ዳር አድርሰኝ» አሉ መቋሚያቸውን ጭብጥ አድርገው።

ቀዛፊው መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ዳሩማ ኪራይ አለበት፣ ጌታዬ፤ እኔ ደግሞ ጨው የለኝም። ያልቻለ ውሃው ላይ ይቆይ ብለው የፈረዱት እርስዎ ነዎት። ይኸው፣ አብረን እየቆየን ነው።»